መሄጃ ሰጣችሁን፣ ማቆሚያስ?

ለባሕር ዳር ከተማ የመንገድ፣ የትራንስፖርትና የደንብ ጉዳይ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ብስክሌት የምናቆምበት ቦታ ስለማጣታችንና ስለተያዙብን ብስክሌቶች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልን።

እኛ ማኅበር አይደለንም። ማኅተምም የለንም። ያገናኘን ቀበሌ 14 ያለ አንድ ጎሚስታ ነው። ጎማ እስኪለጠፍልን አግዳሚው ላይ ተደርድረን ስንጨዋወት፣ አንዱ የአዴት፣ አንዷ የሞጣ፣ አንዱ የደምበጫ ሆኖ ተገኘ። እኔ የቢቸና ነኝ። የአዴቱ ጋሼ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። የሞጣዋ ልጅ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች። የደምበጫው ግንበኛ ነው። እኔ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ሁለት የማታ ተማሪዎችም አሉን። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው እዚያው አግዳሚ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ግራሶ ብታዩ ይቅርታ።

«ከጎጃም ጎጃም መጥታችሁ ምን እንግድነት ነው?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቋንቋው አንድ ነው፣ እንጀራውም አንድ ነው። ግን «ዋስ ጥራ» ሲሉህ የምትጠራው ሰው ከሌለህ፣ ያ ከተማ የሰው አገር ነው። ይህን የተማርነው በሳይክላችን ምክንያት ነው።

እንዲያው ከነገሩ እንነሣ። እኔ የተማርሁት ደብረ ማርቆስ ነው። እዚያ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ሳይክል ነዳሁ ማለት ግማሹን መንገድ ገፋሁ ማለት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ላይ፣ ከጣና ዳር እንደ ምጣድ ተዘርግታ ሳገኛት የመጀመሪያው ወር ደመወዜ ሳይክል ላይ ዋለ። ያገለገለች ፊኒክስ ናት። ያን ቀን ለባጃጅ ከምከፍለው ብር ነፃ ወጣሁ። ከትምህርት ቤት ወደ ማታ ማስጠናት፣ ከማስጠናት ወደ ቤት፣ ሁሉን በእሷ ነው። የሞጣዋ ልጅ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሥራ ትገባለች። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ሳይክሏ ከሌለች ሥራውም የለም። ጎሚስታው ያረጁ ሰው ናቸው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የፈረቃ ሠራተኛ በሳይክል ሲመላለስ እንደኖረ ያጫውቱናል። እኛ ያመጣነው አዲስ ነገር የለም ማለት ነው።

አዲስ የሆነው የናንተ ውሳኔ ነው።

ቅዳሜ ገበያ አጠገብ፣ አንድ ዛፍ ሥር፣ ሳይክል የሚጠብቁ ሦስት ወጣቶች ነበሩ። ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ለሁለት ቆርጠው አንዱን መሪው ላይ ያስሩልሃል፣ ሌላውን ለአንተ ይሰጡሃል። ጥቂት ብር ትከፍላለህ። ሽንኩርትህንና በርበሬህን ገዝተህ ስትመለስ ሳይክልህ በቦታዋ ትጠብቅሃለች። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ጠፋብኝ ብሎ እዚያ የተጣላ ሰው አላየሁም። ጥቅምት ላይ ወጣቶቹ እንዲነሱ ተደረገ። የእግረኛ መንገዱ መጽዳት አለበት ተባለ። ይሁን። እግረኛውም መሄጃ ያስፈልገዋል፣ በዚህ አንከራከርም። ጥያቄያችን አንድ ነበር፦ ታዲያ ወዴት እናቁም? ይህን የነገረን ሰው የለም። እስከ ዛሬም አልተነገረንም።

ሰው ሲቸግረው ምን ያደርጋል? ሳይክሉን ከአጥር ብረት ጋር በሰንሰለት ያስራል። እኛም ያንኑ አደረግን። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ደንብ አስከባሪዎች በመኪና መጡ። ሰንሰለቱን በመቁረጫ ቆርጠው ጭነው ሄዱ። የእኛዎቹን ጨምሮ 11 ቆጥረናል። ምልክት የለ፣ «እዚህ አይቆምም» የሚል ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። አንዷ እናት ጎመን ይዘው ሲመለሱ ያገኙት የተቆረጠ ሰንሰለታቸውን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሌባ መስሏቸው ጮኹ። ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር እንዴ ብዬ አስቤያለሁ፤ ለሌባ ቢያንስ ፖሊስ ጋ ይኬዳል።

የአዴቱን ጋሼ ነገር ልንገራችሁ። ከሁላችንም የባሰው የእሳቸው ነው።

ሳይክላቸውን ሊያስለቅቁ ወደ ተያዘበት ግቢ ሄዱ። «ደረሰኝ አምጡ» አሏቸው። ሳይክሏን የገዙት ከሰው ነው፣ እጅ በእጅ። ያገለገለ ሳይክል በደረሰኝ የሚሸጥ ማን ነው? «የከተማው ነዋሪ መታወቂያ?» መታወቂያቸው የይልማና ዴንሳ ነው። ቤተሰባቸው እዚያ ነው፣ መሬታቸውም እዚያ ነው። «እንግዲያው ዋስ ጥሩ።» ጋሼ እዚህ ከተማ የሚያውቁት ሌሊት የሚጠብቁትን ሕንፃና ጠዋት ሻይ የሚጠጡባትን ሴትዮ ነው። የሕንፃው ባለቤት «እኔ በሳይክል ጉዳይ አልገባም» አሉ። ለዘጠኝ ሌሊቶች ከሰባታሚት አቅጣጫ እስከ ሥራ ቦታቸው በእግራቸው ተመላለሱ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው። አንድ ሌሊት ዘግይተው ደረሱና ከደመወዛቸው ተቆረጠ። በመጨረሻ ዋስ የሆነቻቸው ሻይ ሻጯ ናት። ሥራዋን ዘግታ፣ የራሷን መታወቂያ ይዛ ሄደች። ቅጣቱን ከፍለው ሳይክሏን ሲያወጡ የፊት መብራቷ የለም። «ሲመጣም አልነበረውም» ተባሉ። መብራቱን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ፣ ደረሰኙም እኔ ዘንድ አለ። የሚገርመው እንግዲህ ለመብራቱ ደረሰኝ አለን፣ ለሳይክሏ የለንም።

አሁንም ሦስት ሳይክሎች አልወጡም። የግንበኛው አንዷ ናት። እሱ ዋስ አላገኘም። የሚሠራበት ቦታ በየወሩ ስለሚቀያየር ሻይ የሚጠጣባት ሴትዮ እንኳ የለችውም።

እኛ ባለቤትነት አይጣራ አላልንም። የተሰረቀ ሳይክል ገበያ ላይ እንደሚሸጥ እናውቃለን፤ ከመካከላችን የተሰረቀበትም አለ። ግን ማጣሪያው ሌላ ነው። ሳይክል ስትገለበጥ ከፔዳሉ በታች፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አላት። ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔም ጎሚስታው ናቸው ያሳዩኝ። በጥርስ ብሩሽና በናፍጣ ሲጸዳ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ያን ቁጥር ከባለቤቱ ስም ጋር አንድ መዝገብ ላይ ብታሰፍሩት ደረሰኝም ዋስም አያስፈልግም። ስሙን ለማረጋገጥ ደግሞ ዛሬ ፋይዳ አለ። ፋይዳ የአዴቱም የባሕር ዳሩም ሰው እኩል የሚይዘው የአገር መታወቂያ ነው። የአንድ ሰው መታወቂያ ለባንክ በቅቶ ለሳይክል የሚያንስበት ምክንያት አልገባንም።

ከዚያ በኋላ ማመልከቻ ጽፈን አምስት ሆነን ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። በሳይክል ነው የሄድነው፣ በምን እንሂድ? በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ሳይክል አይገባም» አለ። ግቢው ውስጥ መኪኖች ጥላ ሥር ተደርድረዋል።

«የት እናቁም፣ ወንድም ዓለም?»

«ውጭ።»

«ውጭ ቢወስዱብንስ?»

ሳቀ። አልፈርድበትም፣ ያስቃል። አራቱ ገቡ። እኔ አምስት ሳይክል ታቅፌ ፀሐይ ላይ ቀረሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደቆምሁ አንድ ወጣት ደንብ አስከባሪ መጣና «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» አለኝ። ያለነው ስለ ማቆሚያ ልናመለክት መሆኑን ነገርሁት። «እሱ ሲፈቀድ ታቆማለህ» አለኝ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ መልስ ቢሰጡኝ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸው ነበር። ለማመልከቻው ግን መልስ አላገኘንም። ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ግልጽ ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው።

በየባንኩና በየሆስፒታሉ በርም እንዲሁ ነው። ይህን አላበዛውም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። መንገድ ሠርታችኋል። አልካድንም። ግንቦት 2016 የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ እንውሰድ። 380 ሜትር ነው፤ ሳይክል የሚሄድበት የራሱ ቦታ አለው። ከሁለቱ ተማሪዎቻችን ዘንዘልማ የሚማረው ልጅ «ድልድዩ ላይ ስወጣ ሰው የሆንሁ ይመስለኛል» ይላል። እዚያም ቢሆን ማታ ማታ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፣ ጉማሬ ለማየት ሰው ይደረደራል። እሱን አንቆጥረውም። ሙሽራን በደወል ማስነሳት ነውር ነው፣ ወርደን እየገፋን እናልፋለን።

የከፋው ከድልድዩ ስትወርድ ነው። በየጎዳናው ዳር ለሳይክል የተከለለው መስመር ላይ ምን ታገኛለህ? የቆመ መኪና። የፈሰሰ አሸዋ። የተገለበጠ ጠጠር። የጀበና ቡና በርጩማ። አንድ ቦታ ላይ፣ እመኑኝ፣ ሶፋ ለሽያጭ ወጥቶ አይቻለሁ። እኛ የምናቆምበት አጥተን ከአጥር ጋር ስናስር ሳይክላችን ይጫናል፤ የእኛ መንገድ ግን የሁሉም ማቆሚያ ሆኗል። መኪናውን መስመራችን ላይ አቁሞ ምሳ በልቶ የሚመለስ ሰው ሰንሰለት ሲቆረጥበት አላየንም።

ባጃጆችን በተመለከተ እንዲያው በጅምላ መውቀስ አንፈልግም። ግማሾቹ የአገራችን ልጆች ናቸው። ለፍተው ነው የሚያድሩት። ግን ተሳፋሪ እጁን ሲያነሣ ወደ ቀኝ ጥምዝ ብለው ሲቆሙ፣ ቀኝ ያለነው እኛ ነን። ከገና በፊት የሞጣዋ ልጅ በዚህ ወደቀች። ለሆቴሉ ሽንኩርት ጭና ነበር። ከፊቷ ያለው መስመር በቆመ መኪና ስለተዘጋ ወደ መሐል ወጣች፤ ወዲያው ባጃጁ አቋረጣት። እጇ ወለም አለና ሁለት ሳምንት በግራ እጇ ሽንኩርት ስትከትፍ ከረመች። ሰው ደግ ነው፣ የተበተነውን ሽንኩርት አንድ ሳይቀር ለቅሞ ሰጣት። ባጃጁ ሄዷል። የደረሰው ትራፊክ «ዳር ይዘሽ ብትነጂ ምን አለበት?» አላት። ዳሩን ማን እንደያዘው ዞር ብሎ አላየም። የቆመው መኪና እኮ እዚያው ነበር።

በነገራችን ላይ፣ እሷን ወደ ሳይክል የሳባት ይህች ከተማ ናት። ሞጣ እያለች ነድታ አታውቅም። እዚህ ሴቶች በቀሚስና በነጠላ ሲነዱ አይታ ነው የደፈረችው። አሁን እናቷ በስልክ «ተዪው ይቅርብሽ» እያሏት ነው።

የክረምቱን ጉዳይ በአጭሩ፦ ክዳን የሌላቸው ቦዮች አሉ። ዝናብ ሲሞላቸው ከመንገዱ አይለዩም። ሰኔ ሳይገባ ይከደኑ።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ከመካከላችን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳ አለ። ያለ መብራት የሚነዳ አለ። እኔም አንድ ሰሞን ፍሬኗ የማይይዝ ሳይክል እየነዳሁ በጫማዬ ነበር የምቆመው። ለፋሲካ በግ ከኋላው አስሮ ከገበያ የመጣ አባልም አለን፤ ስሙን አንጠቅስም፤ በጉ ግን መንገዱን ሁሉ ይጮህ ስለነበር ብዙ ሰው ያውቀዋል። በእንዲህ ያለው ቅጡን። ስናጠፋ መቀጣት እንችላለን። የማንችለው ማድረግ የሚገባንን ሳይነግሩን መቀጣቱን ነው።

ይህ ጉዳይ እኛ የፈለሰፍነው አይደለም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የ10 ዓመት ስትራቴጂ አለው፤ ከ2020 እስከ 2029 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። በዚያ መሠረት እግረኛና ብስክሌተኛ ችላ የሚባሉ አይደሉም። ከዘመኑ ከግማሽ በላይ አልፏል። ቅዳሜ ገበያ በር ላይ እስካሁን አንድ የሳይክል ማሰሪያ ብረት የለም።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይኸውላችሁ።

ከሁሉ በፊት የቀሩት ሦስት ሳይክሎች ይለቀቁ። ባለቤቶቹ በፋይዳ መታወቂያቸውና በጎሚስታው ምስክርነት ይውሰዱ። ጎሚስታው እያንዳንዷን በጥፍሯ ያውቋታል፤ የትኛዋ ጎማ ስንት ጊዜ እንደተለጠፈ ሳይቀር ይነግሯችኋል። የጠፋ መብራትና ደወል ካለም ይተካ።

ሁለተኛ፣ ማቆሚያ ስጡን። ብዙ አይደለም። ለጊዜው ቅዳሜ ገበያ፣ መናኸሪያው፣ የሆስፒታሎች በርና የናንተው ቢሮ ደጅ ይበቃል። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ ቢያንስ 8 ሳይክል ይቆማል፤ ሜትር ይዘን ለክተነዋል። ብረቱን የደምበጫው ግንበኛ ከብየዳ ሠራተኛ ጓደኛው ጋር በነፃ ሊሠራ ቃል ገብቷል። ከናንተ የሚፈለገው ቦታውና ብረቱ ነው። ሳይክሉ ግን መጀመሪያ ይለቀቅለት፣ አለበለዚያ እየተራመደ የሚሠራው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ እነዚያን ሦስት ጠባቂ ወጣቶች መልሱልን። ከእግረኛው መንገድ ራቅ ብለው፣ ከፈለጋችሁ ባጅ አንጠልጥለው፣ ግብር ከፍለው ይሥሩ። ሥራውን ያውቁታል። ካርቶናቸውንም አልጣሉትም፣ ጠይቀናቸዋል።

አራተኛ፣ የምዝገባውን መዝገብ ክፈቱ። ከየትኛውም ወረዳ የመጣ ሰው ሳይክሉን ገልብጦ፣ ቁጥሩን አስነብቦ የሚመዘገብበት ይሁን። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ ልጽፍ ዝግጁ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ይነበባል።

አምስተኛ፣ የሳይክል መስመር ላይ የሚያቆም መኪና ይቀጣ። የእኛን ሰንሰለት ለመቁረጥ የመጣችው መኪና ራሷ ያን ቀን የቆመችው መስመራችን ላይ ነበር። ይህን ስንጽፍ ለማሽሟጠጥ አይደለም፤ የአዴቱ ጋሼ ቆመው አይተዋል።

ግንቦት 26 የዓለም የብስክሌት ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2018 እንደ ፈረንጆች የወሰነው ነው። እስከዚያ ቀን ቢያንስ የገበያው ማቆሚያ እንዲቆም እንጠይቃለን። ቲሸርትና ባነር አታሠሩልን፤ ወጪው ለብረቱ ይሁን።

መልሳችሁን በጽሑፍ ብትሰጡን ደስ ይለናል። በአካል ልታነጋግሩን ብትፈልጉ ደግሞ ከሥራ በኋላ ጎሚስታው ዘንድ አንጠፋም። በሳይክል ብትመጡ ከደጁ አንድ የቆየ የስልክ እንጨት አለ፣ እሱ ላይ ማሰር ትችላላችሁ። እስካሁን ማንም አልከለከለንም።

ከአክብሮት ጋር፣

ከጎጃም ወረዳዎች መጥተን በባሕር ዳር በሳይክል የምንሠራና የምንማር ነዋሪዎች

ጸሐፊው፣ የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለባጃጅ አሽከርካሪዎች
በየግቢው በር ለሚቆሙ ጥበቃዎች
ዋስ ለሆነችን ሻይ ሻጭ፣ ከምስጋና ጋር